ላስቲክ ያለው አንሶላ

ቀትር ላይ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ሰው ሁሉ ይተኛል። ውሻው በረንዳ ሥር፣ ባጃጅ ነጂው እግሩን መሪው ላይ ሰቅሎ፣ አከራዬ እትዬ ፍቅርተማርያም ከግድግዳው ማዶ ሬዲዮናቸውን ለራሱ እንዲያወራ ትተውት። እኔ ብቻ ነኝ ከጣሪያው ጋር የምፋጠጠው። ሌሊት እንቢ ያለኝ እንቅልፍ ቀን ይመጣ ይሆናል ብዬ ነበር የተጋደምኩት፤ እንቅልፍ ግን እንቢ ካለ እንቢ ነው፣ ሰዓት አይመርጥም። ወደ ቀኝ ስዞር ፍራሹ ቋ ይላል፣ ወደ ግራ ስዞር ሽው ይላል። ላስቲኩ ነው። ፍራሹ ከሱቅ ሲወጣ የተጠቀለለበትን ላስቲክ እስከ ዛሬ አልገፈፍኩለትም፤ ዛሬ ነገ ስል ክረምቱ ገብቶ ወጣ። ላቤ ላዩ ላይ ይጠራቀምና ከመረብ እንደወጣ ዓሣ እንሸራተታለሁ። ትናንት ጠዋት ቧንቧው ጋ ውሃ ስቀዳ እትዬ ፍቅርተማርያም ጠጋ ብለው፣ ክፉ አትበይኝና ልጄ፣ ሌሊቱን ሙሉ ምን ስትፈቺ ነው የምታድሪው አሉኝ። ከውጭ ያመጣሁትን ስጦታ በየሌሊቱ እየፈታሁ መልሼ የምጠቀልል መስሏቸዋል። ፍራሹ ነው አልኳቸው። ፍራሽ እንዲህ ሲያወራ ሰምተው እንደማያውቁ ነገሩኝና ባልዲያቸውን ይዘው ገቡ።

እኔ ሐዳሳ፣ ቤይሩት ውስጥ አልጋ በማንጠፍ የሚስተካከለኝ ያልነበረ ሴት፣ የራሴን ፍራሽ ሳላለብስ መተኛቴን አሠሪዬ ማዳም ሱዓድ ብታይ ምን ትል ነበር። ማዳም አልጋዋ ላይ አንዲት መስመር ካየች እባብ እንዳየች ነው የምትሸሸው። አንሶላዎቿ አራቱም ጥጋቸው ላይ ላስቲክ አላቸው፤ ፍራሹ እንደ እግር፣ አንሶላው እንደ ካልሲ ነው የሚገጥሙት። ጠዋት ጠዋት እሱን እወጥራለሁ፣ ኮምፈርቱን አራግፋለሁ፣ ትራሶቹን እንደ ወታደር አሰልፋለሁ፤ ማታ ደግሞ ከወጥ ቤቱ ጀርባ በረንዳ ላይ የምትታጠፈዋን ስፖንጅ ዘርግቼ እተኛለሁ። እዚያች ስፖንጅ ላይ ድንጋይ ነበርኩ፤ የደከመው ሰው ፍራሽ አያማርጥም። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። የማዳም ልጅ እናቱን ተራራ ላይ ወዳለው መንደራቸው ይዟት ሄደ፣ ለእኔ ትኬት ቆረጠልኝ። ማዳም በሩ ላይ ቆማ የራሷን ነጭ ኮምፈርት፣ ልብሱን ገፍፋ አስቀርታ፣ እንኪ አለችኝ። ሐዋሳ ይበርዳል ወይ ብላ አልጠየቀችም። አይበርድም። ኮምፈርቱ ቁምሳጥን ስለሌለኝ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይውላል፤ እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ ሰላም የሚለው እሱን ነው። አሁን ማዳም ወደ ቤቷ ተመልሳለች፣ ብቻዋን ናት፣ በዋትሳፕ ትደውልና ቀዩን ሳህን የት አደረግሽው ትለኛለች፤ እኔም ሐዋሳ ላይ ተጋድሜ የቤይሩትን ቁምሳጥን በሐሳቤ እከፍታለሁ፣ ከላይኛው መደርደሪያ፣ ከሻይ ማንቆርቆሪያው ጀርባ እላታለሁ። እውነትም እዚያ ይገኛል። የራሴን ማበጠሪያ ግን ሁሌም እንደፈለግኩት ነው።

አገሬ ገባሁ ብዬ ነበር። ባጃጅ ላይ መውረጃዬ ሲደርስ ወራጅ አለ ማለት ጠፍቶኝ በአረብኛ «ኻላስ»፣ በቃ፣ አልኩት፤ ልጁ ቱሪስት መስዬው በሐይቁ በኩል አዙሮ ጉማሬ ሊያሳየኝ ወሰደኝ፣ አየሁም፣ ጉማሬውም አየኝ። ለመታወቂያ ስመዘገብ ቋሚ አድራሻ ሲሉኝ ሳላስብ የቤይሩቱን ሰፈር፣ አሽረፊዬ፣ ከዳቦ ቤቱ በላይ፣ አራተኛ ፎቅ ብዬ ጀመርኩ፤ ጸሐፊውም አጎንብሶ ይጽፍ ነበር፣ ክፍለ ከተማው የትኛው ነው ሲለኝ ነው የባነንኩት። እዚሁ አጠገብ ቱላ ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝ እኮ። ሰዉ ሁሉ በስልክ ይከፍላል፣ በስልክ ይቀበላል፣ በስልክ ይጣላል፤ እኔ ከተማው በሌለሁበት ሕጉን ቀይሮ ሳይነግረኝ የቀረ ይመስለኛል። አልጋውንም በዚያው ግራ መጋባት ነው ያሠራሁት። አናጢው አማኑኤል ስፋቱን ሲጠይቀኝ እጆቼን ዘረጋሁለት፤ የበረንዳዋ ስፖንጅ ትዝ ብላኝ ነው መሰለኝ በደንብ ነው የዘረጋሁት። እሱም ሰው አክባሪ ነውና በዚያው ልክ ሠራው። ቤት የገባው መስኮቱ ተነቅሎ ነው፤ ፍራሹንም በልኩ አስቆረጥኩ። አልጋው ከገባ በኋላ ለእኔ የተረፈኝ ከበሩ ጀርባ ያለችው ቦታ ናት፣ እዚያ ደግሞ ሻንጣዬ ቆሟል።

እናቴ ቱላ ከወንድሜ ከአሸናፊ ጋር ነው የምትኖረው። ባለፈው ቅዳሜ ለቤተ ክርስቲያኗ የሴቶች ጉባኤ ሐዋሳ መጣች፤ ጉባኤው በማግስቱም ስላለ እኔ ጋ እደሪ ብዬ ለመንኳት። በሩ ላይ ቆማ ቤቱን ቃኘችው። አልጋውን በአንድ ጣቷ ጫን አደረገችው። ቋ አለ።

«ይሄ ፍራሽ ገና ሱቅ ውስጥ ነው ያለው» አለች። «እኔ ሱቅ ውስጥ አላድርም።»

ከዚያ ሻንጣውን አየች። ሻንጣው በሩን ያያል። እሱን አልተናገረችም፤ እናቴ ያልተናገረችው ነገር ከተናገረችው ይበልጥ ያስተጋባል። ሲመሽ ታክሲ ተጋፍታ ቱላ ገባች፣ ጎህ ሲቀድ ያንኑ መንገድ ተመልሳ መጣች። እንቢታዋ ይህን ያህል ነው። ቤይሩት ሆኜ ስደውልላት ሁለት ነገር ብቻ ነበር የምትጠይቀኝ፣ በልተሻል፣ ተኝተሻል፣ እኔም ሁለቱንም አዎ እላት ነበር። አሁን ግን ዓይኗ ያያል፤ በስልክ የሚያልፍ አዎ ሁሉ በአካል አያልፍም።

እሷ የማታውቀው ነገር አለ፣ ወይም እኔ አታውቅም የምለው። አዲስ አበባ ብርሃኑ የሚባል ሰው አለ፣ እኛ ደላላ እንላለን፣ እሱ ራሱን ኤጀንት ነው የሚለው። ኩዌት ጥሩ ቤት አግኝቼልሻለሁ፣ ሁለት ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው፣ ሕፃን የለም፣ ደረጃ የለም ይለኛል። እሺ አላልኩትም፣ እንቢም አላልኩትም፤ ፓስፖርቴን ብቻ ነው የላኩለት። ሰው ፓስፖርቱን ሲልክ ምን ማለቱ እንደሆነ መቼም አይጠፋኝም። እዚያ ጠዋት ስነሣ የት እንደምቆም አውቃለሁ፤ የሚነጠፈው አልጋ አለ፣ መጥረጊያው አለ፣ የሚጠራኝ ድምፅ አለ። እዚህ ጠዋት ስነሣ ቀኑ ከፊቴ ቆሞ ያፈጥብኛል። ብርሃኑ ዋትሳፕ በሌላት በባለቁልፏ ስልኬ ነው የሚመጣው። የእሷ ጆሮ ተበላሽቷል፣ በላውድ ስፒከር ካልሆነ አታሰማም፣ ሲደወልም የትኛውንም ቁልፏን ብትነካ ታነሣለች። ስለዚህ ብርሃኑ ሲደውል ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ ነው የማናግረው፤ የኩዌት ኑሮዬ ሁሉ በዚያ በኩል አስተጋብቶ ነው የሚደርሰኝ።

እንግዲህ በዚያ ቀትር ነው ተነሥቼ ላስቲኩን የገፈፍኩት። ለመቅረት ወስኜ አይደለም፤ እናቴ አንድ ሌሊት እንድታድርልኝ ነው። ከሄድኩም አድራልኝ ልሂድ። ሲገፈፍ ያወጣው ድምፅ እትዬ ፍቅርተማርያምን ከነነጠላቸው አስሮጠ፤ ተገላገልሽ አሉኝ በሩ ላይ ቆመው፣ እውነትም የወለድኩ ያህል አልቦኛል። ራቁቱን የቀረውን ፍራሽ አየነው። የተዘጋጀ አንሶላ ፍለጋ ከተማውን ዞርኩ፣ የነጠላ አልጋው ይጠባል፣ የባልና ሚስቱ ያንሳል፣ አንዱ ባለሱቅ ልኩን ብነግረው ለስንት ሰው ነው አለኝ። ይህን ለእትዬ ስነግራቸው ዓይናቸው በራ።

«እኛው እንሰፋዋለን» አሉ። «እኔ እኮ የባልትና አስተማሪ ነበርኩ።»

ከጎንደር ለማስተማር መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ለሐዋሳ ልጆች ስፌት አስተምረዋል። ቀስ እያሉ ነው የነገሩኝ እንጂ ያስተማሩት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ነው። ትምህርት ቤቱ የስፌት መኪና አልነበረውም፤ መኪና በጠመኔ ይሥላሉ፣ ክሩ በየት እንደሚያልፍ በቀስት ያሳያሉ፣ ተማሪዎቹም ይገለብጣሉ። እውነተኛ መኪና ያገኙት ጡረታ ሲወጡ ተሸልመው ነው፤ ከዚያ ወዲህ መኪናው ቴሌቪዥን ተሸክሞ ነው የኖረው። እኔ ደግሞ የተሰፋ አንሶላ ማንጠፍ እንጂ ያልተሰፋ አንሶላ አይቼ አላውቅም። ሁለታችን ተደማምረን አንድ ሙሉ ሰፊ የምንወጣ መስሎን ነበር።

ገበያ ነኝ አሁን። ጨርቅ ሻጯ ኢያኤል ትባላለች፣ ጎረቤቷ ስትጠራት ሰማሁ። የአልጋ ነው ስላት ቀይ ልብ ልብ ያለበትን ዘረጋችልኝና ለሙሽራ ነው አለችኝ። ለእናቴ ነው አልኳት። ልቦቹን ጠቅልላ ግራጫ አመጣች። ለእኔም ነው አልኳት፤ አሁን ግራ ገባት፣ ከላይ እስከ ታች አየችኝና ከየት ነው የመጣሽው አለችኝ። ከቱላ አልኩ። ከቱላ አትመስዪም አለች። ምን እንደምመስል ልጠይቃት አሰብኩና መልሱን ፈርቼ ተውኩት፤ ነጭ መደብ ላይ ትንንሽ ቢጫ አበባ ያለበትን መረጥኩ፣ በክንዷ እየለካች ቆረጠችልኝ። የእሷ ክንድ አጭር ነው፤ የእኔ አልጋ የተሠራው በእኔ ክንድ ነው። ይህን ያወቅኩት ቤት ገብቼ ነው፣ ተመልሼ ሄጄ ሳስጨምር ሳቀችብኝ፣ እኔም ሳቅኩ፤ ከመጣሁ ወዲህ ገበያ ላይ ስስቅ ያ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም።

ጨርቅ ሳይታጠብ መቀስ አይነካውም አሉ እትዬ፣ ካልታጠበ ኋላ ይሰበሰባል። ይህስ ትክክል ነው። አጠብነው፣ ገመድ ላይ ሰጣነው፣ ሻጯ ለትራስ ለይታ የቆረጠቻቸውን ሁለት ትንንሽ ቁራጮች ጫፍ ላይ ሰቀልናቸው። የሐይቅ ዳር ጦጣ ግን ባልትና አልተማረም። አንዱ ከዋርካው ወርዶ አንዱን ቁራጭ መንትፎ ወጣ፣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ቅርንጫፍ ላይ ተቀመጠ፣ ልክ ለለቅሶ የመጣ ሰው ይመስል። ሙዝ አሳየነው። ሙዙን ወርዶ ወሰደ፣ ጨርቁን ግን አልመለሰም። ጎረቤት ወጥቶ አየ፣ አንዱ ፎቶ አነሣ፣ እትዬ በአስተማሪ ድምፃቸው አንተ ልጅ ውረድ አሉት። አልወረደም። ለአንደኛው ትራስ የእትዬን አሮጌ አረንጓዴ መጋረጃ ልንቆርጥ ነው እንግዲህ።

ቴሌቪዥኑን ወለል ላይ አወረድነው። መኪናው ከጨርቁ ሥር ሲወጣ አብረቀረቀ። እትዬ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ወንበር ስበው ከጎኔ ተቀመጡ፣ ክፍሎቹን በስማቸው ይጠሩልኛል፣ እኔ እረግጣለሁ። መርፌው ወደፊት ስለው ወደኋላ ይሄዳል። ክሩ ከሥር እንደ ወፍ ጎጆ ይተበተባል። ሰሌዳ ላይ እንዲህ አያደርግም ነበር አሉ እትዬ፣ ከልባቸው ተገርመው። ግማሽ ቀን ሲሰፋ ግማሽ ቀን ሲተረተር ዋለ፤ ግን እግሬ ቀስ በቀስ የመኪናውን አረጋገጥ ለመደ፣ አንዴ መስመሩ ቀጥ ብሎ ሄደልኝና ትንፋሼን ይዤ እስከ ዳር ሸኘሁት። ምንም አላሰብኩም ያኔ። ኩዌትንም ቤይሩትንም። እትዬ በዚህ መሐል ስለ ባላቸው ያወራሉ፣ ቴሌቪዥኑን እዚያ ላይ ያስቀመጡት እሳቸው ናቸው፣ እግዜር ይማራቸው፣ ዜና ሲያዩ እግራቸውን ፔዳሉ ላይ አሳርፈው ይረግጡ ነበር፣ ዜናው ባስቸገረ ቁጥር ፍጥነቱ ይጨምር ነበር።

ላስቲኩ ላይ ደረስን። የፍራሹን ዙሪያ የሚይዘው ላስቲክ የጨርቁን ግማሽ ይሁን አሉ፣ ይህን ሲሉ ዓይናቸውን ጨፍነው ከድሮው ሰሌዳ ላይ እያነበቡ ነበር። የቀሚስ ወገብ ትምህርት መሆኑን ኋላ ነው ያስታወሱት። ሰፍተን ጨረስን፣ ሦስቱን ጥግ አጠለቅን፣ አራተኛውን ሁለታችንም ተንጠልጥለን ጎትተን አስገባነው፤ ከዚያ ፍራሹ ቀስ ብሎ አራቱንም ጥጉን ወደ ላይ አነሣ። ታንኳ ሆነ። መሐሉ ገብቼ ብቀዝፍ ሐይቁን ተሻግሬ ቡሹሎ የምደርስ ይመስላል። እትዬ በአንዱ ጥግ ተቀመጡበት፣ ማዶው ተነሣ። እኔ ማዶ ሄጄ ተቀመጥኩ፣ እትዬ ከፍ አሉ። እንዲህ ሆነን፣ እኔ ዝቅ እሳቸው ከፍ፣ እኔ ከፍ እሳቸው ዝቅ እያልን፣ የተከበሩ የጎንደር ሴትና እኔ፣ መናገር እስኪያቅተን ሳቅን። ላስቲኩን ተርትረን በጥጎቹ ብቻ አስቀረነው። አሁን ተኛ ፍራሹ። እጄን ላዩ ላይ አሳለፍኩ፣ ዳመጥኩት፣ ጥጉን አስገባሁ፤ ይህን ሥራ እጄ ያውቀዋል፤ እጄ የማያውቀው የማን አልጋ እንደሆነ ነው።

ለእናቴ ደወልኩላት። ፍራሹ ከሱቅ ወጥቷል፣ ዛሬ ነይ አልኳት። እሺ አለች፣ ቆጮ አሳድሬያለሁ እሱን ይዤ እመጣለሁ አለች። የቀረን የኮምፈርቱ ልብስ ነው። በሦስት ጎኑ ሰፋነው፣ የማዳምን ኮምፈርት ከወንበሩ አንሥቼ ከተትኩት፣ ስሞላው ያልሞላ ጥግ አገኛለሁ፣ ውስጥ ገብቼ አስተካክላለሁ፣ ጭንቅላቴ ውስጥ፣ እግሬ ውጭ፣ በየት በኩል ልውጣ እላለሁ፣ እትዬ በድምፃቸው ወደ ብርሃን ይመሩኛል። እናቴ ሳትደርስ ልጨርስ ብዬ አራተኛውን ጎን በጥድፊያ ጠቀጠቅኩት። ስነሣ ኮምፈርቱም አብሮኝ ተነሣ፤ የቀሚሴን ጫፍ አብሬ ሰፍቼዋለሁ። እትዬ በመቀስ ለዩን። አልጋው ላይ ዘረጋነው፣ ቆመን አየነው፤ ነጭ፣ ቢጫ አበባ፣ አንዱ ትራስ አረንጓዴ፣ መስመሩ እንደ ቱላ መንገድ ወደዚህም ወደዚያም የሚል። እንደዚያ ሆኖም ያምር ነበር። ስንት ሰዓት ሆነ ብዬ ባለቁልፏን ስልኬን ፈለግኩ። ጠረጴዛ ላይ የለም፣ ኪሴ ውስጥ የለም።

ስልኩ ጮኸ። ከኮምፈርቱ ውስጥ ነው።

እትዬ ወደኋላ አንድ እርምጃ ሄዱ። እኔ አልጋው ላይ ዘለልኩ፤ ድምፁ በዚህ በኩል ነው ስል በዚያ ይሄዳል፣ በጥጡ ውስጥ ይንሸራተታል፣ እትዬም ደፈሩና በዚያ በኩል እንደ ሊጥ ይደበድቡ ጀመር። በዚህ መሐል እናቴ ቆጮዋን በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ በሩ ላይ ቆማለች። መቼ እንደገባች አላየናትም። ከእኛ ቡጢ አንዱ ቁልፉን አገኘው፤ ደወሉ ተቋረጠ።

«ሄሎ ሐዳሳ» አለ አልጋው።

እትዬ እጃቸውን ከኮምፈርቱ ላይ አነሡ።

«ምነው ስልክ አታነሺም? ቪዛው ወጥቷል እኮ። እሑድ በራሪ ነሽ። ዓርብ እዚህ መገኘት አለብሽ፣ ለቤተሰብም ንገሪያቸው እንግዲህ፣ እስካሁን ካልነገርሻቸው።»

የምገባበት ሽንት ቤት ራቀኝ። እናቴ ቆጮውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ነጠላዋን አስተካከለች፣ ወደ አልጋው ቀረበች፣ ከወገቧ ትንሽ ጎንበስ አለች፤ ለማታውቀው ሰው ሁሌም እንደምታደርገው፣ በትሕትና፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየለቀመች በአማርኛ ተናገረች።

«ጌታው፣ እኔ እናቷ ነኝ። ከልጄ አልጋ ይውጡ።»

ኮምፈርቱ ጉሮሮውን ጠረገ። «ይቅርታ፣ ማን ልበል» አለ። «የት ነው ያላችሁት?»

እትዬ ፍቅርተማርያም ተማሪ ጥያቄ ጠይቆ ያለመልስ መተው አይችሉም። «ኮምፈርት ውስጥ ነው» ብለው ጮክ ብለው አስረዱት።

«ኮንፈረንስ ላይ ናችሁ? ውይ፣ አላወቅኩም። በኋላ እደውላለሁ» አለና ዘጋው።

እትዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ የኔም ጀመረ፣ ሳቁ ከሆዴ ተነሥቶ ጉሮሮዬ ላይ ሲደርስ የእናቴን ፊት አየሁና እዚያው ቀረ። እትዬ ገባቸው። ሬዲዮኔን ላጥፋ ብለው ወጡ፣ ሬዲዮኑ ግን ከቀድሞው ይልቅ ከፍ ብሎ ተሰማ፣ እንዳይሰሙን ብለው ነው። እናቴ መቀሱን ጠየቀችኝ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ ያን በጥድፊያ የሰፋሁትን ጎን ጭኗ ላይ አድርጋ ትተረትር ጀመር። እኔ ቆሜያለሁ። ቁጣዋን ስጠብቅ ክሩን እየመዘዘች በጣቷ ትጠቀልላለች። ስልኩን አውጥታ ሰጠችኝ።

«ትሄጃለሽ?» አለች፣ በራሳችን ቋንቋ፣ በሲዳሙ አፎ።

«አላውቅም።»

«እሺ» አለች። የጠቀለለችውን ክር አስቀምጣ፣ «አላውቅም ያልሽኝ ዛሬ ነው። ሁልጊዜ አዎ፣ አዎ ነበር።»

ከዚያ የአንሶላውን ጥግ አንሥታ ከሥሩ አየች። ላስቲኩን ጎተተችው፣ ለቀቀችው፣ ጣ አለ።

«ላስቲክ አውልቀሽ ላስቲክ አስገባሽበት» አለች።

አሁን ሳቄ አመለጠኝ፤ እሷም አላስቻላትም። ቆጮውን በላን፣ እትዬም ተጠርተው መጡ፣ የጦጣውን ታሪክ ሲያወሩላት እናቴ ዕንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ ሁለቱ አንቱ እየተባባሉ፣ አንዳቸው በጎንደር አማርኛ አንዳቸው በቱላ አማርኛ፣ እኔን በሌለበት እንደሚታማ ሰው አሙኝ። ሲመሽ እናቴ ጫማዋን አወለቀች። ታክሲ እንዳያመልጥሽ አላልኳትም፣ እሷም አላነሣችውም። አልጋው ላይ ወጣች፣ ሰውነቷን ቀስ በቀስ ለቀቀችለት። እኔ በግድግዳው በኩል ሆንኩ።

«አንቺ እዚያ እያለሽ» አለች ጣሪያውን እያየች፣ «ተኝተሻል ወይ እያልኩ የምጠይቅሽ እኔ ስለማልተኛ ነበር። አንዳችን እንኳ እንተኛ ብዬ።»

መልስ ስፈልግ ጊዜ ወሰደብኝ። እኔም አልተኛም ነበር ልበላት ወይስ ድንጋይ ነበርኩ፤ የትኛው ነው የሚያጽናናት። ሳገኘው ዞር ብዬ አየኋት፣ ታንኮራፋለች። አልጋውን ለሁለት ሰው እንዲበቃ ነበር የተመኘሁት፤ እናቴ ግን በሰያፍ ተኝታ አንድ ክንዷ ፊቴ ላይ፣ ኮምፈርቱ ሙሉ በሙሉ በእሷ በኩል፣ እኔ በአንዲት ስንዝር ላይ ተሰክቻለሁ። ከቤይሩቷ ስፖንጅ ይጠባል። ፍራሹ ግን ዝም ብሏል። እናቴ ስትገላበጥ ላስቲኩ ይለጠጣል፣ ጥጉን አይለቅም፣ ዝም።

ጠዋት ነው። ብርሃኑ ገና አልደወለም፣ ዋትሳፑ ነው የጮኸው። ማዳም ናት። ስልኩን ከፍ አድርጌ ስይዘው ፊቷ ሞላበት፣ ፀጉሯን አላበጠረችም፣ የዓይን ጠብታው የት እንዳለ ልትጠይቀኝ ነበር። ከኋላዬ የምታየውን ስታይ ቃሏ ተቋረጠ። እናቴም ነቅታ ትከሻዬ ላይ አገጯን አስደግፋ ወደ ስልኩ ታያለች። ሁለቱ ተያዩ። እነዚህን ሴቶች ሁለቱንም እፈራቸዋለሁ፣ አንድ ቦታ ሲገናኙ አያለሁ ብዬ አስቤም አላውቅም። ማዳም ራሷን ዝቅ አድርጋ ሰላም አለቻት፣ እናቴም አለቻት። ከዚያ ማዳም ወደ እኔ ተመለሰችና በአረብኛ መቼ ነው የምትመለሺው አለችኝ። እንደ ቀልድ አይደለም ያለችው። ሁልጊዜም ትለዋለች፣ ሁልጊዜም ኢንሻላህ እላታለሁ።

«ምን ትላለች?» አለች እናቴ።

ሰላም ትልሻለች ልል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«መቼ ትመለሻለሽ ነው የምትለኝ።»

እናቴ አሰበችበት። ለእንግዳ ብላ ነው መሰለኝ ወደ አማርኛ ቀየረች፣ አማርኛ ለአረብ የሚቀርብ ይመስላታል።

«ተመልሳለች በያት» አለች።

አረብኛም ለመመለስ ያለው አንድ ቃል ነው፣ ወዴት እንደሆነ አይናገርም፤ አልከበደኝም። ተመልሻለሁ ማዳም አልኳት። ፊቷ ባንድ ጊዜ በራ፣ ታዲያ ደጅ ምን ታደርጊያለሽ አለችኝ፣ ግቢ እንጂ፤ ከወንበሯ ስትነሣ ስልኩ ተናወጠ፣ ጣሪያዋን አየሁ፣ ነጠላ ጫማዋን አየሁ፣ እኔ የወለወልኩትን ኮሪደር፣ የመቆለፊያውን ድምፅ ሰማሁ፣ በሩን ከፈተችው። ደረጃው ባዶ ነው። ማዳም ባዶውን ደረጃ ለእኔ አሳየችኝ።

«እዚያ አይደለም ማዳም» አልኩ። አልጋውን በእጄ መታ አደረግኩ። «እዚህ። እዚህ ነው የተመለስኩት።»

ለብርሃኑም ከዚህ ሌላ ቃል አያስፈልገኝም፣ ይህንኑ እለዋለሁ ብዬ ሳስብ ማዳም በሩ ላይ ቆማ ነበር። በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው። ተመልሳ ተቀመጠች፣ መነጽሯን ፈልጋ አደረገች፣ ስልኩን ወደ ዓይኗ አቀረበች፤ ቤቱን ሁሉ በዚያች ጠባብ መስኮት ስትመረምረው ታየኝ፣ ግድግዳውን፣ እናቴን፣ አረንጓዴውን ትራስ።

«ያ ስፌት ጠማማ ነው» አለች። «ማነው እንዲህ አድርጎ የሰፋው?»

«እኔ ነኝ» አልኳት።